ሪፖዚተሪ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ መንዝ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ማወቅ የፈለገ ተማሪ ስልኩን ከፍቶ ቢፈልግ፣ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ውጭ አገር የታተሙ ጽሑፎች ይደረደሩለታል። አንዳንዶቹ በነፃ ይነበባሉ፣ ሌሎቹ ክፈል ይላሉ። አንድ የመንዝ ልጅ የገዛ ቀበሌውን ገበሬዎች ቤት ለቤት እየዞረ አነጋግሮ የጻፈው የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ ግን አይመጣለትም። ጽሑፉ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ተጠርዞ፣ ጥቁር ሽፋን ለብሶ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ቆሟል። መኖሩን የሚያውቁት ጸሐፊው፣ አማካሪውና ምናልባት ፈታኞቹ ናቸው።

ሪፖዚተሪ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም ራሱ ያፈራውን ሥራ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የጥናት ሪፖርቱን፣ የመስክ መረጃውን፣ በኮምፒውተር የሚያኖርበትና የትም ላለ አንባቢ የሚከፍትበት ግምጃ ቤት ነው። «የዲጂታል ማከማቻ» የሚሉት አሉ። ቃሉ ጆንያ የሚቆለልበት መጋዘን ስለሚያስመስለው እኔ አልወደውም። ለእኔ የሚቀርበው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው፦ የገባው ሁሉ ይመዘገባል፣ ጠባቂ አለው፣ ጠባቂው ሲቀየርም አዲሱ ቆጥሮ ይረከባል።

ድረ ገጽ ላይ ፋይል መጫን ሪፖዚተሪ አይሆንም። ድረ ገጽ ሲታደስ ብዙ ጊዜ የድሮው አድራሻ ይሞታል። ሪፖዚተሪ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የማይለወጥ አድራሻ ይሰጣል፤ ከፋይሉም እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር አስልቶ ይይዛል። ከዓመታት በኋላ አንድ ፊደል እንኳ ቢበላሽ ቁጥሩ አልገጥም ስለሚል ጉዳቱ ይታወቃል። ሶፍትዌሩ ውድ አይደለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ዲስፔስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲና በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ የተሠራ ሲሆን በነፃ ይገኛል። የሚወደደው ኮምፒውተሩን፣ መብራቱንና ሠራተኛውን ዓመት ከዓመት ማቆየት ነው።

ሌላው ጉዳይ ቅጂ ነው። ይህን ቁም ጸሐፊዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ከመጻሕፍቱ መካከል ለእኛ የደረሱት የተሸሸጉት ወይም ሌላ ደብር የተገለበጡት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራም ያንኑ ዘዴ በካሜራ ቀጠለ። የሸዋን አድባራት ጨምሮ 9,000 ገደማ ብራናዎች ተነሡ፤ ፊልሙም አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ገባ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ዘርዝረው ያዘጋጁት መዝገብ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ፊልም የተጠቀለለ ፕላስቲክ ሆኖ በቀረ ነበር።

የሪፖዚተሪ ነፍሱም እዚሁ ላይ ናት፦ ምዝገባው። ፋይሉን መጫን የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሰው እንዲያገኘው አድርጎ መመዝገብ ግን ሙያ ይጠይቃል። ጸጋዬ በ«ጸ» ነው ወይስ በ«ፀ»? ኃይሉ በየትኛው «ሀ» ነው? አንዱ በአንዱ የጻፈውን ሌላው በሌላው ሲፈልገው ኮምፒውተሩ ባዶ እጁን ይመልሰዋል። ወደ ላቲን ፊደል ሲዛወር ደግሞ የከተማችን ስም ራሱ ብዙ መልክ አለው፤ ብርሃን የሚለው ቃል በ«e» ተጽፎም (Berhan)፣ በ«i» ተጽፎም (Birhan) ይገኛል። ዓመተ ምህረቱም ሌላ ወጥመድ ነው። ሽፋኑ ላይ 2010 ብቻ የተጻፈ ጽሑፍ በእኛ ከሆነ በፈረንጆቹ 2017 ወይም 2018 ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ደግሞ በእኛ 2002 ወይም 2003 ነው። የውጭ ሶፍትዌር ደግሞ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ወደ ፊት ያመጣውና የአባትየውን ስም ባለሥራ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ የሚያቃናው ሁለቱንም አጻጻፍ የሚያውቅ፣ ዘመኑን የሚጠይቅ፣ ቦታውን የሚለይ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። የሶፍትዌር ሠሪዎቹ መንደር ሲሊከን ቫሊ ተቀምጦ የሸዋዎቹን ወረዳዎች፣ ሞረትና ጅሩን ከመርሐ ቤቴ፣ የሚለይ በቀላሉ አይገኝም።

እንግዲህ «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ስላለ ቤተ መጻሕፍት ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ከዚህ ይመነጫል። ሌሎች የጻፉትን ማምጣት ቀላል እየሆነ ነው። ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 በጀመረው ሂናሪ በተባለው አገልግሎት የእኛን የመሰሉ አገሮች ተቋማት የጤና ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላሉ። እኛ የጻፍነውን ግን ማንም አይጠብቅልንም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ እንዲህ ባለ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ስለ መንዝ በግ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ አንኮበር ታሪክ የሚጻፈው ሥራ ሌላ ቅጂ ከሌለው ከመደርደሪያው ጋር አብሮ ያረጃል።

አንድ ጊዜ የአንድ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የፈለግሁትን ጽሑፍ በመከራ አገኘሁት። ከገጾቹ ግማሹ ተቀዷል። ጀርባው ላይ ሲዲ ተለጥፎ ነበርና ደስ አለኝ። ሲዲ ማጫወቻ ያለው ኮምፒውተር ፍለጋ ሦስት ቢሮ ከዞርኩ በኋላ ሲዲው አልከፈት አለ። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ግን ፋይሉ ፍላሹ ላይ፣ ኢሜይሉ ውስጥ፣ አንድ ቦታ ይኖረው ይሆናል።

ለአዲስ ተመራቂዎች ወደ ሪፖዚተሪ የሚያስገባው መንገድ አጭር ነው፤ በሚያስረክቡበት ቀን ፋይሉን ሰጥተው ፈቃዳቸውን ይፈርማሉ። የገበሬዎች ስም ወይም ምሥጢር ያለበት ክፍል ካለ ለጊዜው ይዘጋል። ለቆዩት ግን፣ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የጸሐፊው ስለሆነ፣ ዝም ብሎ ስካን አድርጎ መልቀቅ አይቻልም። ባለሙያው የተመራቂዎችን ዝርዝር ይዞ፣ ስልክ እየደወለ፣ አንዱን መሐል ሜዳ ሌላውን ዓለም ከተማ እያፈላለገ፣ «ጽሑፍዎን ለሰው እንዲነበብ እንልቀቀው ወይ?» እያለ መጠየቅ ይኖርበታል።