በውድድር ፈረሶች ዘንድ «ግማሽ ወንድም» የሚባለው የትኛው ነው?

ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው፦ ጋሊሊዮና ሞንዡ የተባሉት የውድድር ፈረሶች አባታቸው አንድ ሆኖ ሳለ ለምን ግማሽ ወንድማማቾች አይባሉም?

በቶሮብሬድ (ለሩጫ ውድድር በሚራባው የፈረስ ዝርያ) ወንድምነት የሚቆጠረው በእናት ነው። አባት ብቻ የሚጋሩት «የእገሌ ልጆች» ከመባል አያልፉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ተፈላጊ ድንጉላ በዓመት ከመቶ በላይ ውርንጭሎች ሊያስወልድ ይችላል፤ ባዝራዋ ግን 11 ወር ያህል አርግዛ በዓመት ቢበዛ አንዴ ነው የምትወልደው። በአባት ቢቆጠር ኖሮ የሜዳው ፈረስ ሁሉ ወንድማማች በሆነ ነበር!

ኧርባን ሲን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1993 ፓሪስ ላይ ታላቁን የአርክ ደ ትሪዮምፍ ውድድር ያሸነፈች ባዝራ ናት። ከድንጉላው ሳድለርስ ዌልስ ጋሊሊዮን፣ ከኬፕ ክሮስ ደግሞ ሲ ዘ ስታርስን ወለደች። እናታቸው አንድ፣ አባታቸው ሁለት፤ ስለዚህ ግማሽ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም የእንግሊዙን የኤፕሰም ደርቢ አሸንፈዋል፣ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሲ ዘ ስታርስ በ2009። ታናሽየው እንዲያውም በዚያው ዓመት የእናቱን አርክ ደገመው። ያልተሸነፈው ፍራንክልም የጋሊሊዮ ልጅ ስለሆነ የልጅ ልጇ ነው። ብላክ ሳም ቤላሚ ግን ከጋሊሊዮ ጋር በእናትም በአባትም አንድ ነውና ሙሉ ወንድሙ ነው። ሞንዡ የሳድለርስ ዌልስ ልጅ ቢሆንም እናቱ ሌላ ናት።

እስከዚህ ያለው የጸና ነው። እንደ ተናጋሪው የሚለያየው «ሦስት አራተኛ ወንድም» የሚሉት ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ እናታቸው አንድ ሆና አባቶቻቸው አባትና ልጅ ወይም ወንድማማች ሲሆኑ ይባላል፤ ከዚህ አስፍተው የሚጠቀሙበትም አሉ።