ያልከበረ ስንብት፦ የአሜሪካ ጦር የስንብት ወረቀት እንዴት ይሻሻላል?

ከአሜሪካ ጦር የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ስሙ ዲዲ-214 ይባላል። መቼ ገባ፣ የት ዘመተ፣ ምን ኒሻን አገኘ፣ መቼ ወጣ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ሰፍሯል። ከታች በኩል ደግሞ አንዲት ጠባብ ሳጥን አለች። ሰውየው በምን ሁኔታ እንደተሰናበተ በሁለት ሦስት ቃል ትናገራለች። ሥራ ሲፈልግ፣ ሲታመም፣ ትምህርት ልማር ሲል፣ ሁሌም የምትጠየቀው እሷ ናት።

በወታደሮች መሃል ለብዙ ዘመን ሲወራ የኖረ ነገር አለ። «ስድስት ወር ታገስ፣ ስንብትህ ራሱ ይስተካከላል» የሚል። ውሸት ነው። ይህን አምነው ዝም ብለው የተቀመጡ ሰዎች የማመልከቻ ጊዜያቸውን አሳልፈዋል። ወረቀቱ በራሱ አይቀየርም። ከተጠየቀ ግን ሊቀየር ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚያ መጠየቅ ነው።

የስንብት ዓይነቶች

የመጀመሪያው የክብር ስንብት ነው። ብዙው ወታደር የሚወጣው በዚህ ነው። ቀጥሎ «ጄኔራል» የሚባለው ይመጣል። ወታደሩ በጥቅሉ ደህና አገልግሏል፣ ነገር ግን እንከን ነበረበት እንደማለት ነው። ሦስተኛው «አዘር ዛን ኦነረብል» ነው፣ ከክብር ውጪ እንደማለት፤ በአጭሩ ኦቲኤች ይሉታል። እነዚህ ሦስቱ የሚሰጡት በአስተዳደር ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤት አያስፈልጋቸውም። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። ኦቲኤች ይዞ የወጣ ሰው በወንጀል የተፈረደበት ሰው አይደለም።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ከጦር ፍርድ ቤት ብቻ የሚመጡ ቅጣቶች ናቸው። አንዱ የመጥፎ ምግባር ስንብት ነው። ሌላው ከሁሉም የከፋው የውርደት ስንብት ነው። የውርደት ስንብት የተሰጠው ሰው በፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ መያዝ አይችልም። ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው ጥቅምም እንዳለ ይቀርበታል። መኮንኖች ይህ ወረቀት አይሰጣቸውም። እነሱ በፍርድ «ይሰናበታሉ»፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የ«ጄኔራል» ጉዳይ ነው። ወጣቱ ሲወጣ «ምንም አይደለም፣ ጥሩ ነው» ይሉታል። እውነትም የሕክምናና የጉዳት ካሳ መብቱ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ኮሌጅ ለመመዝገብ ሲሄድ ግን ጂአይ ቢል በሚባለው የቀድሞ ወታደሮች ሕግ የሚሰጠው የትምህርት ክፍያ ሙሉ የክብር ስንብት እንደሚጠይቅ ይነገረዋል። ብዙዎች ጦሩን የተቀላቀሉት ለዚያ ትምህርት ብለው ነው። በአንድ ቃል ልዩነት ያጡታል።

ለእኛ ሰው ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። በግሪን ካርድ ወደ ጦሩ የገቡ ስደተኞች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በአገልግሎታቸው ምክንያት ዜግነት በፍጥነት የሚያገኙበት ሕግ አለ። ሕጉ ግን ሁለት ስለት አለው። ዜግነቱን በዚህ መንገድ ያገኘ ሰው አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር ውጪ በሆነ ሁኔታ (ለምሳሌ በኦቲኤች) ከተሰናበተ፣ ዜግነቱ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ አንድ አለቃ «እዚህ ላይ ፈርምና ቶሎ ወደ ቤትህ ሂድ» ሲል፣ ስደተኛው ወታደር ከመፈረሙ በፊት የጦሩን ጠበቃ ማማከር አለበት። ጠበቃው ገንዘብ አያስከፍልም።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የስንብት ወረቀቱን ማስቀየር የሚፈልግ ሰው ኮንግረስ ለእሱ ብቻ ሕግ እንዲያወጣለት ማስለመን ነበረበት። በተግባር ለድሃ ሰው በሩ ዝግ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ብራውንስቪልን ማስታወስ ይበቃል። በ1906 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ፣ ብራውንስቪል ከተማ በሌሊት ተኩስ ተከፍቶ አንድ ሰው ሞተ። ጥፋቱ በ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች ላይ ተለጠፈ። አንድም ሰው ችሎት ፊት ሳይቀርብ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት 167 ወታደሮችን ያለ ክብር አባረሩ። ጦሩ ስህተቱን አምኖ ስንብታቸውን ወደ ክብር የቀየረው በ1972 ነው። 66 ዓመት ቆይቶ! አብዛኞቹ ያኔ ሞተዋል። ዶርሲ ዊሊስ ግን በሕይወት ነበር። በሚኒያፖሊስ በአንድ ፀጉር ቤት ጫማ ሲጠርግ ነው ዕድሜውን የገፋው። በኋላም የ25,000 ዶላር ካሳ ተሰጠው።

ሄንሪ ፍሊፐርም አለ። ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር መኮንን ነው። በ1882 ተባረረ። ስሙን ለማስመለስ ዕድሜውን ሙሉ ታግሎ በ1940 ሞተ። ጦሩ ስንብቱን ወደ ክብር የቀየረው በ1976 ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ደግሞ በ1999 ይቅርታ አደረጉለት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ሰማያዊው ስንብት» የሚባል ነበር። በሰማያዊ ወረቀት ላይ ስለሚታተም ነው ስሙን ያገኘው። የክብርም የውርደትም አይደለም ይባል እንጂ፣ ቀጣሪዎች ወረቀቱን ሲያዩ በራቸውን ይዘጉ ነበር። ከተሰጣቸው ወታደሮች መካከል 22 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ጥቁሮች በዚያን ጊዜ ከጦሩ 7 በመቶ እንኳ አይሞሉም። በግብረ ሰዶም የተጠረጠሩ ወታደሮችም በብዛት የተባረሩት በዚሁ ወረቀት ነው። የጥቁሮች ጋዜጣ የነበረው ፒትስበርግ ኩሪየር ዘመቻ አካሄደበት። በ1947 ቀረ።

በሩ በሕግ የተከፈተው በእነዚያው ዓመታት ነው። የ1944ቱ ጂአይ ቢል የስንብት ገምጋሚ ቦርዶችን አቋቋመ። በ1946 ደግሞ የወታደራዊ መዝገብ አራሚ ቦርዶች ተፈጠሩ። ዛሬም የሚሠራባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሁለቱ በሮች

የመጀመሪያው የስንብት ገምጋሚ ቦርድ ነው። ማመልከቻው ዲዲ-293 በሚባል ቅጽ ይሞላል። ገደቡ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ነው። ቦርዱ ወረቀት ብቻ አይቶ ሊወስን ይችላል። አመልካቹ ራሱ ቀርቦ መናገርም ይችላል። ሰው ወረቀት ብቻ አስገብቶ ካልተሳካለት፣ ጊዜው እስካላለፈ ድረስ እንደገና ቀርቦ ልናገር ማለት ይችላል። እኔ ብጠየቅ፣ በአካልም ሆነ በቪዲዮ መቅረብን እመርጣለሁ። ወረቀት ላይ የሠፈረ ጥፋት ደረቅ ነው። ሰው ፊት ሲቀርብ ግን ያ ጥፋት የደረሰበት ወር፣ ሌሊቱ፣ የሞተው ጓደኛው ሁሉ አብሮ ይቀርባል።

ይህ ቦርድ ግን አቅሙ የተወሰነ ነው። ከባድ ጥፋቶችን በሚዳኘው፣ «ጠቅላላ» በሚባለው የጦር ፍርድ ቤት የተሰጠ ስንብትን ማየት አይችልም።

ሁለተኛው የመዝገብ አራሚ ቦርድ ነው። ሲቪሎች ናቸው የሚወስኑት። ቅጹ ዲዲ-149 ነው። ሥልጣኑ ሰፊ ነው፤ ስንብቱን ብቻ ሳይሆን የተሰናበተበትን ምክንያት፣ ማዕረጉን፣ ሌላም ስህተት ሊያርም ይችላል። 15 ዓመቱ ያለፈበት ሰውም ወደዚህ ይመጣል። ገደቡ ስህተቱ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው። ለፍትሕ ሲባል ግን ቦርዱ ገደቡን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ «ጊዜው አልፎብሃል» የተባለ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የዘገየበትን ምክንያት በግልጽ ይጻፍ።

ምድር ጦሩ፣ ባሕር ኃይሉ፣ አየር ኃይሉ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦርድ አላቸው። ማሪኖቹ የሚዳኙት በባሕር ኃይሉ ነው። የስፔስ ፎርስ ሰዎች ደግሞ በአየር ኃይሉ በኩል ይሄዳሉ። ከታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ወዲህ ለተሰናበቱ ሰዎች ሁለቱንም በር አንኳኩተው ካልሆነላቸው፣ አንድ ሌላ የይግባኝ ቦርድ ተጨምሯል። ከዚያ ወዲያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይቀራል።

ምን ብሎ መጠየቅ?

ቦርዱ የሚያየው ሁለት ጥያቄ ነው። ስንብቱ በሕጉና በደንቡ መሠረት ተሰጥቷል? ፍትሐዊስ ነበር? ብዙ አመልካቾች የሚያሸንፉት በሁለተኛው ነው። «ጥሩ ሰው ነኝ፣ እባካችሁ» ብቻ ግን አይበቃም። ጥፋቱን ከምክንያቱ ጋር የሚያገናኝ ታሪክ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ቬትናም ትመጣለች። ፒቲኤስዲ የሚባለው የጦርነት የአእምሮ ቁስል በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የበሽታ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1980 ነው። ቬትናም የዘመቱት ወታደሮች ግን ከዚያ በፊት ተባርረዋል። ከጦር ሜዳ ተመልሰው እንቅልፍ አጡ፣ ጠጡ፣ ዕፅ ወሰዱ፣ ከካምፕ ጠፉ። ያኔ የሚታወቅ በሽታ ስላልነበረ ሁሉም የዲሲፕሊን ጉድለት ተባለ። መዝገባቸው ላይ «ታሟል» የሚል ወረቀት ሊገኝ አይችልም፣ ስሙ ገና አልወጣለትማ!

በመስከረም 2014 የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል ለቦርዶቹ መመሪያ አወጡ። ፒቲኤስዲ አለብኝ የሚል አመልካች ሲመጣ በለጋስ ዓይን እንዲያዩት ነው መመሪያው የሚለው። በነሐሴ 2017 የወጣው፣ በፈረመው ባለሥልጣን ስም የከርታ መመሪያ የሚባለው፣ ነገሩን አሰፋው። የጭንቅላት ጉዳት፣ ሌላ የአእምሮ ሕመም፣ በጦሩ ውስጥ የደረሰ ፆታዊ ጥቃት ሁሉ ተካተቱ። ቦርዱ አራት ነገር እንዲጠይቅም አዘዘ። ጥፋቱን ሊያቀልለት የሚችል ሕመም ወይም ገጠመኝ ነበር ወይ? በአገልግሎት ላይ እያለ ነው የደረሰው? በእርግጥ ጥፋቱን ያቀልለታል? ከጥፋቱስ ይመዝናል? የተጎጂዋ ወይም የተጎጂው የራሱ ቃል ብቻ እንኳ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ይኸው መመሪያ ይናገራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፆታዊ ጥቃት ሲደርስ ማን ሪፖርት ያደርጋል? ያደረገችውም ብዙ ጊዜ ራሷ ናት የተባረረችው።

በሐምሌ 2018 ደግሞ እንዲሁ በፈረመው ባለሥልጣን ስም የሚጠራው የዊልኪ መመሪያ ወጣ። ይህ ስለ ምሕረት ነው። ሰውየው ከወጣ በኋላ እንዴት ኖረ? ሠርቷል? ቤተሰብ አስተዳድሯል? አጥፍቻለሁ ብሎ አምኗል? በአንድ መጥፎ ዓመት የተነሳ ዕድሜ ልክ መቀጣት የለበትም የሚል መንፈስ አለው።

በግብረ ሰዶማዊነታቸው ብቻ የተባረሩትም ሌላ ክፍል ናቸው። «አትጠይቅ፣ አትናገር» የሚባለው ሕግ እስከ 2011 ድረስ ከ13,000 በላይ ሰዎችን አስወጥቷል። ከእነሱ መካከል የክብር ስንብት የተሰጣቸውም እንኳ የተባረሩበት ምክንያት ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ለሥራ ባሳዩት ቁጥር ገመናቸውን ለማያውቁት ሰው ያሳያሉ። ፔንታጎን በ2024 ማመልከቻ ሳይጠብቅ መዝገቦችን ራሱ አገላብጦ ከ800 በላይ ሰዎችን ስንብት አሻሽሏል። ጦሩ ሳይጠየቅ ያሻሻለበት ይህ የተለየ አጋጣሚ ነው።

ማስረጃ

መጀመሪያ የራስን ፋይል ማስመጣት ነው። የቆዩ መዝገቦች የሚቀመጡት በሴንት ሉዊስ ብሔራዊ የወታደር መዝገብ ማዕከል ነው፤ ኤስኤፍ-180 በሚባል ቅጽ ይጠየቃል። በሐምሌ 1973 ማዕከሉ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆኑ ፋይሎች ጠፍተዋል። በተለይ ከ1960 በፊት ከምድር ጦር የወጡ ሰዎች ፋይል ነው ያለቀው። የነሱ ቤተሰቦች በሌላ መንገድ፣ በደብዳቤ፣ በፎቶ፣ በደመወዝ ወረቀት መሙላት አለባቸው። ወታደሩ ሞቶ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ወይም ወራሹ ማመልከት ይችላል።

ከፋይሉ ሌላ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት የሐኪም ደብዳቤና የጓዶች ምስክርነት ናቸው። «አብሬው ነበርኩ፣ ከዚያ ፍንዳታ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ» የሚል የጓደኛ ቃል ከብዙ የምስጋና ሰርተፍኬት ይበልጣል። እናትና ሚስትም ሊጽፉ ይችላሉ። የኛ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ስለ ልጃቸው ሕመም በጽሑፍ መናገር ያፍራሉ። ገመና ነው ይላሉ። ግን ልጁ ከዘመቻ መልስ ሌሊት እየጮኸ ሲነሳ ያየችው እናቱ ናት፤ እሷ ካልጻፈችው ማን ይጽፈዋል?

ቦርዶቹ ከዚህ በፊት የሰጧቸው ውሳኔዎች ስም ተሰርዞባቸው ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። የራስን ጉዳይ የሚመስል ፈልጎ ማንበብ ጠቃሚ ነው። ማመልከት ገንዘብ አይጠይቅም። የአሜሪካን ሌጅን፣ የአካል ጉዳተኛ ወታደሮች ማኅበርና በሕግ ትምህርት ቤቶች ያሉ ክሊኒኮች ለብዙ ሰው በነጻ ይረዳሉ።

የቪኤ መንገድ

አንድ ነገር ሁሌም ይደባለቃል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ቪኤ፣ ከጦሩ የተለየ ነው። ኦቲኤች ያለው ሰው ቦርዱን ሳይጠብቅ ለቪኤ ማመልከት ይችላል። ቪኤ አገልግሎቱን በራሱ መለኪያ አይቶ «ለእኛ ሲባል በቂ ነው» ሊል ይችላል። በ2024 ይህንን መለኪያ የሚመለከተውን ደንብ አሻሽሎታል። ራሱን ለማጥፋት ጫፍ ላይ የደረሰ የቀድሞ ወታደር ደግሞ የውርደት ስንብት ካልሆነ በቀር፣ ኦቲኤች ቢይዝም፣ የአገልግሎት መስፈርቱን ካሟላ፣ ከጥር 2023 ወዲህ በድንገተኛ ሁኔታ በነጻ ይታከማል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ሰውየውን «ወረቀትህ ጥሩ አይደለም» ብሎ ከሆስፒታል በር መመለስ አይገባም፤ ቤተሰብም ይህን አውቆ ይዞት ይሂድ።

ቪኤ ቢፈቅድለትም ግን ዲዲ-214ቱ ላይ ያለችው ቃል አትቀየርም። እሷን የሚቀይር ቦርዱ ብቻ ነው። ቦርዱም ቀይሮ አዲስ ወረቀት ከሰጠ በኋላ ጥቅሙ በራሱ አይጀምርም። ሰውየው አዲሱን ወረቀት ይዞ፣ ትምህርቱንም ካሳውንም እንደገና ቪኤ ሄዶ መጠየቅ አለበት።