«ጋሻ ጃግሬ» መቼ ስድብ ሆነ?

የፖለቲካ ክርክር በተጋጋለ ቁጥር አንዱ ሌላውን «የእገሌ ጋሻ ጃግሬ» ይለዋል። አጎብዳጅ ማለቱ ነው። ጃግሬ ግን የጌታውን ጋሻ የሚሸከም ሰው ነበር፤ ጋሻ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ደግሞ ለአጎብዳጅ አያሸክመውም።

ደህና ጋሻ የሚወጣው ካልለፋ የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ነው። የጉማሬው እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስለሚወፍር መጀመሪያ ከውስጥ በኩል ተፍቆ ይሳሳል። ተዘፍዝፎ ሲለሰልስ ከሚፈለገው ክብ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራላ! ከዚያ መሃሉ እንዲያብጥ ጉብታ ላይ ተወጥሮ ዙሪያው በችካል ይያዛል። መድረቅ ያለበት ጥላ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ ነው። የቸኮለ ሰው ፀሐይ ላይ ካሰጣው ፊቱ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ጠርዙ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ያልለፋ ቆዳ ዝናብ ከጠገበ መልሶ ስለሚልም በመንገድ ላይ ጨርቅ ይለብሳል።

የመኳንንቱ ጋሻ ፊቱ ከፈይ ጨርቅ (ቬልቬት) ነው፤ በላዩ የብር ጌጥ፣ አንዳንዴም የአንበሳ ጎፈር ይታከልበታል። ገልብጠው ሲያዩት ግን ያው ጥሬ ቆዳ ነው፤ መሃሉ ላይ ላብ ያጠቆረው የቆዳ እጀታ አለ።

ጌታው በጉዞ ላይ በበቅሎ ይሄዳል፤ ፈረሱ ይሳባል፣ ጋሻው ከጃግሬው ጋር ነው። ጠላት ሲመጣ ጌታው ፈረሱ ላይ ወጥቶ እጁን ይዘረጋል። በዚያች ቅጽበት ጃግሬው አጠገቡ ከሌለ ጌታው ባዶ ደረቱን ቀረ ማለት ነው። ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋው የመሬት ልክ «ጋሻ» የተባለውም፣ ጋሻ አንግቶ ለሚዘምት ይሰጥ ስለነበር ይመስለኛል።

ቃሉን ያበላሸው፣ በእኔ ግምት፣ ጠመንጃ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጠመንጃው በብዙዎች እጅ ነበር፤ ቆዳ ደግሞ ጥይት አይመልስም። ጋሻው የሰልፍ ጌጥ እየሆነ ሲሄድ ጃግሬውም ከጌታው ኋላ ብልጭልጭ ይዞ የሚከተል ሆኖ ታየ። ስድቡ ከዚያ የመጣ ነው እላለሁ፤ ይህን ግምቴን በቀላሉ አልለቅም።

ዛሬ ጃግሬ የሚባለው ግን አለቃው ሲወድቅ ቀድሞ የሚሰወረው ነው። ለእሱ አሽቃባጭ፣ አጨብጫቢ፣ አጎብዳጅ የሚሉ ቃላት ሞልተውልናል፤ ከነዚህ አንዱን መርጦ መጥራት ምን ይከብዳል?