ሱፐርብሎክ ምንድን ነው?

«መንገዱ ለመኪና ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ አንድ ሰፈር ውስጥ ከገባ ሰላም የለም። ባለ ሱቁ ገበያዬ ሞተ ይላል። ሾፌሩ በየት ልሂድ ይላል። ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ደግሞ እሰይ ትላለች። ስብሰባ ይጠራል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ሰው ተኮራርፎ ይበተናል። ብዙ ጊዜ ግን ተከራካሪዎቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። አንዱ በሐሳቡ የሳለው መኪና ዝር የማይልበትን መንገድ ነው። ሌላው ያሰበው መኪና ዝግ ብሎ የሚገባበትን ሰፈር ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ልዩነቱን አጥርቶ የሚያሳየው ሱፐርብሎክ የሚባለው አሠራር ስለሆነ ዛሬ እሱን ላስረዳ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሱፐርብሎክ ማለት ጎን ለጎን ያሉ ብሎኮችን (ብሎክ ማለት በአራት መንገዶች የተከበበ የሕንፃዎች ክፍል ነው) ሰብስቦ እንደ አንድ ትልቅ ብሎክ መያዝ ነው። የተለመደው ልክ ሦስት በሦስት ነው፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ብሎክ። አሠራሩ ስሙን ባተረፈባት በባርሴሎና የአንዱ ሱፐርብሎክ ጎን ርዝመት ወደ 400 ሜትር ይሆናል። ዙሪያውን የሚከቡት መንገዶች እንደ ድሮው ይቀጥላሉ። አውቶቡሱም፣ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው መኪናም በእነሱ ላይ ነው የሚሄደው። የውስጦቹ መንገዶች ግን ሥራቸው ይለወጣል። መተላለፊያ መሆናቸው ቀርቶ መድረሻ ይሆናሉ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ከሚያልፉት መኪናዎች ብዙዎቹ እዚያ ሰፈር ምንም ጉዳይ የላቸውም። ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ አቋርጠው ለማለፍ ነው የገቡት። ሱፐርብሎክ የሚያስቀረው እነዚህን ነው። ነዋሪው፣ ዕቃ የሚያራግፈው፣ የቆሻሻ መኪናው፣ አምቡላንሱ ይገባሉ።

እስቲ አንድ ሾፌር እንከተል። ከዋናው መንገድ ታጥፎ ገባ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሚራመድ ሰው ብዙም አይርቅም። አንድ ብሎክ ሄዶ የመጀመሪያው መስቀለኛ ላይ ደረሰ። ድሮ እዚህ ጋ ቀጥ ብሎ ያልፍ ነበር። አሁን ፊት ለፊቱ ዛፍ የተተከለበት ትልቅ ሣጥንና አግዳሚ ወንበር አለ። ምልክቱ ወደ ቀኝ ታጠፍ ይለዋል። ታጠፈ። ቀጣዩ መስቀለኛ ላይም አሁንም ወደ ቀኝ። አንድ ብሎክ ከተጓዘ በኋላ በገባበት ጎን ወጥቶ ያው ዋና መንገድ ላይ ተገኘ። ማንም አልከለከለውም፣ ማንም አልቀጣውም። ግን አቋርጦ ለመሄድ ብሎ ከገባ ጊዜው ባከነ እንጂ ምንም አላተረፈም። ነገ ለምን ይገባል?

ከተሞች በኬላና በፖሊስ ከሚያደርጉት ይልቅ ይህ ዘዴ ብልህ ይመስለኛል። ደንቡን የሚያስከብረው የመንገዱ ቅርጽ ራሱ ነው።

ሐሳቡ ባርሴሎና ላይ የተመቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤክሳምፕሌ የሚባለው ሰፊ የከተማው ክፍል በኢልዴፎንስ ሰርዳ የተነደፈው በ1859 ነው። ብሎኮቹ እኩል ናቸው፤ መንገዶቹ 20 ሜትር ስፋት አላቸው፤ የየብሎኩ ማዕዘን ተቆርጧል። ማዕዘኑ ስለተቆረጠ መስቀለኛ መንገዱ ሜዳ ያህል ይሰፋል። መኪና አቋርጦ ማለፉን ሲያቆም ከአንዱ መስቀለኛ ብቻ 2,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ አደባባይ ይገኛል። ቤት ሳይፈርስ፣ መሬት ሳይገዛ። ይህን ለዓመታት ሲሰብክ የኖረው ሳልቫዶር ሩዌዳ የሚባል የከተማ ሥነ ምህዳር ባለሙያ ነው። ሙከራው በ1990ዎቹ በአሮጌው የቦርን ሰፈር ተጀመረ፤ ከዚያ ወደ ግራሲያ ተሻገረ። እነዚህ ሰፈሮች ከድሮም ጠባብ ስለሆኑ ብዙ ጭቅጭቅ አልተነሳም።

ጭቅጭቁ የመጣው ፖብሌኑ የሚባለው የባርሴሎና ሰፈር ላይ ነው።

በ2016፣ በሴፕቴምበር ወር፣ በከንቲባ አዳ ኮላው ዘመን፣ የፖብሌኑ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሰፈሩ ተለውጦ አገኘው። መስቀለኛዎቹ ላይ ያገለገሉ ጎማዎች ተደርድረዋል። አስፋልቱ ላይ ቀለም ተቀብቷል። ሣጥን ውስጥ የተተከሉ ዛፎች መሐል መንገድ ላይ ቆመዋል። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ናቸው ብዙውን ያዘጋጁት። የመንገዱ አቅጣጫ ተቀይሯል፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ተዛውሯል፣ መኪና ማቆሚያ ጠፍቷል። ሰዉ ተቆጣ። «ማን አማከረን?» አለ። ተቃዋሚዎች ተደራጁ፤ ደጋፊዎችም እንዲሁ።

ማዘጋጃ ቤቱ በጎማና በቀለም የጀመረው በክፋት አይደለም። ርካሽ ነው፤ ካልሠራ በአንድ ቀን ይነሳል። በሙያው ዓይን ትክክል ነው። በነዋሪው ዓይን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተወሰደበትን በመጀመሪያው ቀን አየ፤ የሚሰጠው ግን ገና አልመጣም። መኪና ማቆሚያው ሄዶ በምትኩ የመጣው ጎማ ነው። በጎማ ላይ ደግሞ አሮጊት አትቀመጥም። በቀጣዩ ዓመት አግዳሚ ወንበሮች፣ የልጆች መጫወቻ፣ ጠረጴዛዎችና ተጨማሪ ዛፎች ሲገቡ ቦታው ሰው ያዘ። ተቃውሞው ጨርሶ ባይጠፋም በረደ። ወንበሩ ከጎማው ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ የክርክሩ ግማሽ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። በ2018 በሳንት አንቶኒ ገበያ ዙሪያ የተሠራው የተሻለ አቀባበል አገኘ፤ ገና ከጅምሩ መቀመጫና ጥላ ነበረው። የከተማው የጤና ኤጀንሲ በኋላ ባደረገው ልኬት እዚያ ያለው የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መጠን 25 በመቶ ቀንሷል። ይህ ጋዝ በዋናነት ከመኪና ጭስ የሚወጣ፣ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ነው።

መኪናዎቹስ የት ይሄዳሉ?

በየስብሰባው የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። የሰዉ ግምት ቀላል ነው፦ እዚህ መንገድ ላይ የነበረው መኪና በሙሉ ወደ ቀጣዩ መንገድ ይዛወራል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሳሊ ኬርንስ፣ ስቲቨን አትኪንስና ፊል ጉድዊን በ2002 ባሳተሙት ጥናት ከ11 አገሮች ከ70 በላይ ቦታዎችን መረመሩ። ሁሉም ለመኪና የነበረ ቦታ የተቀነሰባቸው ናቸው። በተነኩት መንገዶች ላይ ከነበረው ትራፊክ በአማካይ 21.9 በመቶ ያህሉ በአካባቢውም አልተገኘም። ይህ ሁሉ ሰው ተነስቶ መኪናውን ሸጠ ማለት አይደለም። አንዱ ሦስት ጉዳዩን በአንድ ጉዞ ጨረሰ። ሌላው ሰዓቱን ቀየረ። ሌላው ያንን አጭር መንገድ በእግሩ ሄደ። ባለሙያዎች ይህን የትራፊክ ትነት ይሉታል።

ቁጥሩን ግን ተጠንቅቆ መያዝ ያስፈልጋል። አማካዩን ከፍ ያደረጉት ጥቂት ትልልቅ ለውጥ ያዩ ቦታዎች ናቸው። ቦታዎቹን በቅደም ተከተል ብንደረድራቸው መሐል ላይ ያለው ቅናሽ 10.6 በመቶ ነው። ይህም ማለት ብዙው መኪና አይተንም፤ አንድ ቦታ ይሄዳል። የሚሄደው ደግሞ ዙሪያውን ወዳሉት መንገዶች ነው። እዚያም ሰው ይኖራል፤ ብዙ ጊዜም የቤት ኪራይ ርካሽ ሆኖለት የገባ ሰው ነው። ስለዚህ ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ነዋሪ «ጫጫታውን በእኔ ላይ ጣላችሁት» ሲል ራስ ወዳድ አይደለም። እውነት አለው። መልሱ ዙሪያውን መንገድ ራሱን ማሻሻል ነው፦ የአውቶቡስ መስመር መስጠት፣ መሻገሪያ መጨመር፣ ፍጥነት መቀነስ። ይህን ሳይጨምር «ሰፈሩን ጸጥ አደረግን» የሚል ከተማ ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው።

በአንድ ሱፐርብሎክና በብዙ ሱፐርብሎክ መካከልም ትልቅ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ዕቅድ ባርሴሎናን በሙሉ በ503 ሱፐርብሎክ የሚሸፍን ነበር። አይ ኤስ ግሎባል የተባለው የጤና ምርምር ተቋም በ2019 ባወጣው ስሌት፣ ዕቅዱ በሙሉ ቢፈጸም በዓመት 667 ያለ ዕድሜ የሚመጡ ሞቶችን ማስቀረት ይቻል ነበር። ይህ ግምት የተሠራው ዕቅዱ ሙሉ ሆኖ፣ ሰዉም ከመኪና ወደ አውቶቡስና ወደ እግር ዞሮ ነው። አንድ ሰፈር ብቻውን ይህን አያመጣም።

ስለ ሱቆች

ነጋዴዎች የሚፈሩት ደንበኛ በመኪና ነው የሚመጣው ብለው ስለሚያስቡ ነው። በእንግሊዟ ከተማ ብሪስቶል በ2006 ይፋ የሆነ ጥናት ነጋዴዎችንም ገዢዎችንም ጠይቆ ነበር። ነጋዴዎቹ 41 በመቶው ደንበኛችን በመኪና ይመጣል አሉ። ገዢዎቹ ሲጠየቁ 22 በመቶ ብቻ ሆነ። ነጋዴው አልዋሸም። በመኪና የመጣው ደንበኛ ማቆሚያ አጣሁ ብሎ ያማርራል፤ ቃሉ ጆሮ ላይ ይቀራል። በእግሩ የመጣው ዕቃውን ይዞ ዝም ብሎ ይሄዳል። ኮፐንሃገን በ1962 ስትሮየት የሚባለውን የገበያ መንገዷን ለእግረኛ ብቻ ስታደርግም የነጋዴው ስጋት ተመሳሳይ ነበር፤ ዛሬ መንገዱ ከአውሮፓ ታዋቂ የገበያ ጎዳናዎች አንዱ ነው። ያም ሆኖ ሁሉም ሱቅ አይጠቀምም። ከባድ ዕቃ የሚሸጠው፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ሊጎዳ ይችላል። ቦታው ሲያምር ኪራይ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ቡና ቤት ይገባና ጫማ ጠጋኙ ይወጣል። ለዚህ የመንገድ መሐንዲስ መፍትሔ የለውም። የኪራይ ፖሊሲ ነው የሚያስፈልገው።

ብዙ የማይወራ አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ለእግረኛ ሲመች ብዙ ጊዜ የእግረኛው ጠርዝ ተነስቶ ሁሉም እኩል ደረጃ ላይ ይነጠፋል። ለዊልቸር ይህ ግሩም ነው። ለዓይነ ስውር ግን ጠርዙ መሪው ነበር። በዘንጉ ነካ አድርጎ የት እንዳለ የሚያውቀው በእሱ ነው። ጠርዙ ሲጠፋ በእግርና በዘንግ የሚታወቅ ሸካራ ንጣፍ በምትኩ መግባት አለበት፤ ካልገባ ለሁሉም የተመቸው ሜዳ ለእሱ ወጥመድ ነው። መንገዱ ከተነጠፈ በኋላ ይህን ማስተካከል ውድ ስለሆነ ገና ንድፉ ላይ ሳለ መጠየቅ አለበት። የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪናም እንዲሁ ነው። መከልከያው የሚወርድ ምሰሶ ነው? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? ወይስ ታርጋ የሚያነብ ካሜራ ነው? ይህ ሥራው ሳይጀመር ከሠራተኞቹ ጋር ማለቅ ያለበት ጉዳይ ነው።

ሱፐርብሎክን ከሌሎች ነገሮች ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። ለንደን በ2003 የጀመረችው የመጨናነቅ ክፍያ ሌላ ነው፤ እሱ ገንዘብ ያስከፍላል፣ መንገዱን አይቀይርም። የ15 ደቂቃ ከተማ የሚባለውም ሌላ ነው፤ እሱ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ገበያ በቅርብ ይገኙ የሚል የፕላን ሐሳብ ነው። በእንግሊዟ ኦክስፎርድ ይህ ሐሳብና እዚያ የታቀደው የመኪና ገደብ ተቀላቅለው ሰውን ከሰፈሩ እንዳይወጣ የሚያደርግ ሴራ ተደርገው ተወሩ፤ በ2023 ሰልፍ ተወጣ። ከዚያ በፊት እዚያው መኪና እንዳያልፍ የቆሙ ምሰሶዎች ተሰብረዋል፣ ተቃጥለዋል። ሱፐርብሎክ ማንም ሰው በእግሩም በመኪናውም ከቤቱ እንዳይወጣ አያደርግም። መንገዱን ያስረዝምበት ይሆናል። ቅሬታ ካለ በዚህ ላይ ይሁን።

የሕጉ ጉዳይም አለ። ባርሴሎና ከጊዜ በኋላ ዘጠኝ ብሎክ ከማጠር ይልቅ ረጃጅም አረንጓዴ ጎዳናዎችን መሥራት መረጠች። ኮንሴል ደ ሴንት የሚባለው በ2023 ተጠናቀቀ፤ አስፋልቱ ተነስቶ ድንጋይ ተነጠፈ፣ ዛፍ ተተከለ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር አንድ ፍርድ ቤት በነጋዴዎች ማኅበር ክስ ላይ ወስኖ መንገዱ ወደ ነበረበት ይመለስ አለ። ዛፉ ይጎዳል ወይም መኪና መብት አለው አላለም። ይህን ያህል ቋሚ ለውጥ ለማድረግ አስቀድሞ የከተማው ጠቅላላ ፕላን መሻሻል ነበረበት ነው ያለው። ማዘጋጃ ቤቱ ይግባኝ ጠየቀ። ቀለምና ሣጥን ለሙከራ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ አስፋልት ቆፍሮ ማንሳት ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ውይይት ይፈልጋል።

እናንተ ሰፈር እንዲህ ያለ ዕቅድ ከመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ቆጠራው መቼ እንደተደረገ ነው። መኪናው፣ እግረኛው፣ ጫጫታው፣ የአውቶቡሱ ጊዜ፣ የሱቆቹ ገበያ ከለውጡ በፊት መለካት አለበት፤ በውስጡም፣ በዙሪያው መንገድም። ካልተለካ ከስድስት ወር በኋላ ደጋፊው ተሻሽሏል ይላል፣ ተቃዋሚው ብሷል ይላል፣ ማንም ማንንም ማሳመን አይችልም። ቀጥሎ የምጠይቀው ሙከራው መቼ እንደሚያልቅና ውጤቱ ምን ቢሆን መንገዱ እንደሚመለስ ነው። ይህ ተጽፎ ለነዋሪው ከተሰጠ፣ ገና ከጅምሩ የተቃወመው ሰውም እስከ መጨረሻው ቀን ለማየት ምክንያት ይኖረዋል።