አቫላንሽ ምንድን ነው? ዴንቨር ላላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ደሴ ላደገ ሰው ናዳ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ክረምት ላይ ዶሮ መዝለያን የወረደ ሁሉ መንገዱ ላይ የተንከባለለ ድንጋይና ጭቃ አይቷል፣ ሹፌሩም ሽቅብ ሽቅብ እያየ ነው ሚያልፈው። አቫላንሽ ግን የበረዶ ናዳ ነው፣ አመጣጡም ከኛው ይለያል። ይሄን የምጽፈው ዴንቨር አካባቢ ያሉ ልጆቻችን ቅዳሜና እሁድ ተራራ እየወጡ ፎቶ ስለሚልኩልን ነው፣ ዴንቨር ያለችበት ኮሎራዶ ደግሞ ከአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ በአቫላንሽ ብዙ ሰው የሚሞትበት ስለሆነ ያሳስበኛል።

በረዶ ስል ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ሳይሆን በቀስታ እየጣለ ወራት ሙሉ ሳይቀልጥ የሚቆለለውን ነው። ብዙ ሰው በረዶው ስለበዛ ብቻ የሚናድ ይመስለዋል፣ ዋናው ጣጣ ያለው ግን ከስር ነው። በረዶው በጣለ ቁጥር አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበረ ነው ሚሄደው፣ ህዳር አካባቢ ትንሽ ይጥልና ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ሲጠና መሬቱ ከላይ ካለው አየር ይልቅ ሞቃት ስለሚሆን ከስር እንፋሎት ይወጣል፣ እሱም የበረዶውን ቅንጣት ይለውጠውና እንደ ስኳር እርስ በርሱ የማይያያዝ ያደርገዋል። ከዛ አዲስ በረዶ ይጥልበታል፣ ነፋሱም ከሸንተረሩ ወዲያ ማዶ እየጠረገ አምጥቶ ይከምርበትና ይጠጥራል። በቃ፣ ከላይ ጠጣር ከስር ስኳር ሆነ ማለት ነው። አንድ ሰው በስኪ (እግር ላይ በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ) ወይ በእግሩ ሲሄድበት ስኳሩ ይደረመስና የላዩ ንጣፍ እንዳለ ተሰንጥቆ ቁልቁል ይሄዳል። ኮሎራዶ ላይ በረዶው ስስ ብርዱም ደረቅ ስለሆነ ይሄ ደካማ ንብርብር በጣም የተለመደ ነው።

የኛን ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ዝናብ ነው፣ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ይንሸራተታል። ሰው የሚገድለውን አቫላንሽ ግን ባብዛኛው የሚያስነሳው ራሱ የተቀበረው ሰው ወይ አብሮት ያለው ጓደኛው ነው! ስለዚህ የት እንደምትረግጡ ማወቅ ህይወት ያተርፋል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ተዳፋት ነው አደገኛው፣ ከስሩ ሜዳ ላይ ሆናችሁም ልታስነሱት ትችላላችሁ። በቅርብ የተናደ ቦታ ካያችሁ፣ በረዶው ከእግራችሁ ስር ከተሰነጠቀ፣ ወይ እምም ብሎ ዝቅ ሲል ከሰማችሁ ተመለሱ፣ ክርክር አያስፈልግም።

የኮሎራዶ የአቫላንሽ መረጃ ማዕከል በክረምታቸው በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፣ ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። ብዙ ሰው 4 ወይ 5 ሲሆን ቤቱ ይቀመጣል፣ 3 ሲሆን ግን መሃል ነው ብሎ ይወጣል፣ ብዙ ሰው የሚሞተውም 3 ላይ ነው። የስኪ ሪዞርት ውስጥ ያለው መስመር በፈንጂ ቀድሞ እየተናደ ስለሚጠበቅ በጣም ይሻላል፣ እኔን የሚያስፈራኝ ከዛ ውጪ ያለው ክፍት ተራራ ነው።

ሰው ከተቀበረ ጊዜው በጣም አጭር ነው፣ 15 ደቂቃ ሳይሞላ የወጣ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፣ ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ግን አብዛኛው በትንፋሽ እጥረት ያልፋል። አዳኝ ቡድን እስኪደርስ አይጠበቅም፣ የሚያወጣችሁ አጠገባችሁ ያለው ጓደኛ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ቢከን (ሰውነት ላይ የሚታሰር፣ ምልክት የሚልክና የተቀበረ ሰው ምልክትም የሚፈልግ መሳሪያ)፣ በረዶው ውስጥ የሚሰካ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይያዝ፣ አንዱ ብቻ ቢይዝ ዋጋ የለውም፣ እሱ ራሱ ከተቀበረስ?

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ናዳው ከወረደ በኋላ ሊያወጡ የሮጡትን ሰዎች ሁለተኛ ናዳ ነው የቀበራቸው፣ ያ ሐዘን ዛሬም ከልባችን አልወጣም። እኛ ጩኸት ስንሰማ ሮጠን ነው ምንሄደው፣ በረዶ ላይም ያው ነው የሚሆነው። ከመሮጣችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ዳገቱን እዩ፣ ገና ያልወረደ በረዶ ከላይ ካለ አንድ ሰው ርቆ ይቁምና ይጠብቅ፣ ሌሎቻችሁ ቢከናችሁን ወደ መፈለጊያ ቀይራችሁ ግቡ፣ 911 ላይ ደውሉ ግን እርዳታ ላምጣ ብሎ ቦታውን ጥሎ የሚወርድ ሰው አይኑር።