የአማርኛ ብሎግና የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ብሎግና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የተዘጋጀው ለእንግሊዝኛ ገጾች ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ እንዳለ ሲቀዳ ግማሹ አይሠራም፤ አንዳንዱማ ጭራሽ ይጎዳል። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የሚሰሙ ናቸው።

«ቴሌግራም ቻናልና ፌስቡክ ገጽ ካለኝ ብሎግ ምን ያደርግልኛል?»

ፌስቡክ ላይ የወጣ ጽሑፍ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የሚያየው የለም ማለት ይቻላል። ቴሌግራም ላይም አዲሱ መልእክት የቆየውን እየሸፈነ ይሄዳል፤ ካለፈው ዓመት ጽሑፍ የሚደርሰው ቻናሉን የሚያውቅና ወደ ኋላ የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ሰው ግን ችግር ሲገጥመው ጉግል ላይ ይጽፋል፦ «የመንጃ ፈቃድ እድሳት ምን ያስፈልጋል»፣ «የኩላሊት ጠጠር ምግብ»። በአማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የተሟላ መልስ ያለው ገጽ ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ በደንብ የተሠራ ጽሑፍ ለዓመታት አንባቢ ሊያመጣ ይችላል። እንግሊዝኛ ላይ ይህ ዕድል ካለቀ ቆይቷል።

ሌላው ምክንያት መዘጋት ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ለአምስት ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ብሎግም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ብሎግስፖት ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በአገር ውስጥ ታግዶ ቆይቷል። ልዩነቱ የራስህ ዶሜይን (የገጽህ የራሱ የድር አድራሻ) ካለህ ነው። ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ያስወጣል፤ ሆስቲንጉ (ገጹን የሚያስቀምጥልህ አገልግሎት) ቢበላሽ ወይም ከባለቤቱ ጋር ብትጣላ ጽሑፉን ሌላ ቦታ አስቀምጠህ ያንኑ ስም ወደዚያ ታዞረዋለህ፣ አንባቢው ምንም አይታወቀውም። ቴሌግራም ላይ የከረመ ጽሑፍ ካለህ ደግሞ ከባዶ አትጀምርም፦ በኮምፒውተር ቴሌግራም ቻናሉን ክፈት፣ ሦስቱን ነጥቦች ንካ፣ የቻናሉን ታሪክ ኤክስፖርት አድርግ። ጽሑፉም ፎቶውም በአንድ ፎልደር ይወርድልሃል።

«የአማርኛ ፊደል ስለሚበላሽ ጽሑፉን በፎቶ ማውጣት ይሻላል»

ይህ የድሮ ችግር ቅሪት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ስማርት ስልክ ሁሉ ያሳየዋል። የሚበላሸው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች ተተይቦ የከረመ ሰነድ እንዳለ ኮፒ ሲደረግ ነው፤ እሱም ተቀይሮ ወይም እንደገና ተተይቦ ይስተካከላል።

በፎቶ የወጣ ጽሑፍ ለጉግል ባዶ ምስል ነው። አንባቢ ስልክ ቁጥሩን ወይም የሕጉን አንቀጽ ኮፒ ማድረግ አይችልም፤ ማየት ለተሳነው ሰው የሚያነብለት መተግበሪያም ዝም ይላል። በዚያ ላይ የፓኬጅ ጉዳይ አለ። ከስልክ እንደወረደ የተለጠፈ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ ሁለቱ ያሉበት ገጽ በአንድ ጊጋባይት ከ125 እስከ 170 ጊዜ ያህል ብቻ ይከፈታል። ስፋቱን ወደ 1200 ፒክሰል አውርደህ ዌብፒ በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ብታስቀምጠው አብዛኛው ፎቶ ከ150 ኪሎባይት በታች ይሆናል። ለፊደሉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ነፃ ነው። የግዕዝ ፊደል ሞላ ያለ ስለሆነ ከ18 ፒክሰል አታሳንሰው፤ የመስመር ርቀቱንም 1.7 አካባቢ አድርገው። ለእንግሊዝኛ የተቀመጠው 1.4 አማርኛውን ያጨናንቀዋል።

«የገጹ ሊንክም በአማርኛ ቢሆን ያምራል»

ብሮውዘሩ ላይ ያምራል፤ ኮፒ አድርገህ ስትልከው ግን አይደለም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ ድር ላይ በሚጻፍበት መንገድ) ሦስት ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት ሊንክ ውስጥ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ቁምፊ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ፣ «ሰላም» ብቻውን 27 ቁምፊ ነው።

ብዙ ብሎግ የሚሠራበት ዎርድፕረስ ለዚህ የሊንክ ክፍል የሚሰጠው ቦታ 200 ቁምፊ ነው። አርእስትህ «የኮንዶሚኒየም ቤት ለመግዛት የሚያስፈልጉ ሰነዶች ዝርዝር» ቢሆን ሊንኩ «የኮንዶሚኒየም-ቤት-ለመግዛት-የሚያስፈል» ላይ ይቆረጣል፤ «ጉ» እንኳ አትገባም። አንባቢ ይህን በቴሌግራም ሲልክ የሚታየው ግማሽ ስክሪን የሞላ የፐርሰንት ምልክት ነው፤ ማጭበርበሪያ መስሎት የማይነካው ብዙ ነው። ብሎገር (ብሎግስፖት) ላይ ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል፦ የአማርኛ አርእስት ስለማይቀበል ሁሉንም «ብሎግ ፖስት» እያለ ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከማተምህ በፊት በሊንኩ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ቃል በላቲን ፊደል በእጅህ ጻፍ። አርእስቱ አማርኛ ሆኖ ይቀጥላል። ታትሞ ሰው ሼር ካደረገው በኋላ ግን ሊንክ አትቀይር፤ ከቀየርክ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ቋሚ ማዞሪያ መኖሩን አረጋግጥ፣ አለዚያ የተሰራጨው ሊንክ ሁሉ «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ሌላም ነገር አለ፦ አርእስት ወይም ፎቶ አስተካክለህ ቴሌግራም ላይ አሮጌው ቅድመ እይታ ከቀጠለ፣ ሊንኩን ዌብፔጅቦት ለሚባለው ቦት ላክለት፣ ያድሰዋል። ለዚህ ቅድመ እይታ የሚሆነው ፎቶ 1200 በ630 ፒክሰል ነው።

«ቁልፍ ቃሉን ደጋግሜ ከጻፍኩ ጉግል ወደ ላይ ያወጣኛል»

መደጋገሙ አንባቢን ከማሰልቸት በቀር አይጠቅምም። የአማርኛ ጸሐፊ ሊያስብበት የሚገባው የፊደል አጻጻፍን ነው። አንዱ «ሥራ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ስራ»፤ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ሦስቱም ይተየባሉ። ሁሉንም እየቀያየሩ ፍለጋ ላይ መሞከር ነው፤ ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። በአርእስቱ የተለመደውን አጻጻፍ ያዝ፣ ሌላኛውን በአንድ ንዑስ አርእስት ወይም በፎቶ መግለጫ ውስጥ አንዴ አስገባው፤ በቂ ነው። ከዚያ ጉግል ሰርች ኮንሶል ላይ ገጽህን አስመዝግብ፣ ነፃ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰው ምን ብሎ ጽፎ እንደደረሰህ ቃል በቃል ያሳይሃል፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚተይበው ሰው ብዛትም ያስገርማል። የሚቀጥለው ጽሑፍ ርእስ የሚገኘው ከዚህ ዝርዝር ነው።

«ዋናው የተከታይ ቁጥር ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ገዝቼ ብነሳስ?»

ቴሌግራም ይህን ቶሎ ያጋልጣል፤ በየመልእክቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት ስንት ሰው እንዳየው ትናገራለች። 20,000 አባል ኖሮት 300 ሰው የሚያየው ቻናል ላይ ማስታወቂያ የሚሰጥ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። አዲስ ፖስት በመጀመሪያ ለጥቂት ሰው ይታያል፤ እነሱ ከቆዩበት፣ ኮመንት ከሰጡ፣ ሼር ካደረጉ ይሰፋል። ከነዚያ ጥቂቶች ውስጥ የተገዙት ሲበዙ ጽሑፉ እዚያው ይሞታል።

ብዙዎች የማያስታውሱት የሕግ ጉዳይም አለ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ለሚያሰራጭ ሰው እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይደነግጋል። ድርጊቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከተፈጸመ ግን ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። አዋጁ የተገዛና ያልተገዛ ተከታይ ብሎ አይለይም።

«ዩቲዩብ 1,000 ሰብስክራይበር ሲሞላ መክፈል ይጀምራል»

የማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበር አንዱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ከሱ ጋር ባለፉት 12 ወራት 4,000 የእይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) እይታ ያስፈልጋል። የሾርትስ እይታ 4,000ውን ሰዓት አይሞላም። 500 ሰብስክራይበር ላይ የሚከፈተው ዝቅተኛው ደረጃ የአባልነት ክፍያና ስጦታ እንጂ የማስታወቂያ ገንዘብ አያመጣም። ሲሞላም ቻናሉ ይገመገማል፤ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ምስል ላይ ድምፅ ብቻ የደረበ ቻናል በአብዛኛው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ካለፈ በኋላ ደግሞ ገንዘቡ የሚከፈልበት የጉግል የማስታወቂያ አገልግሎት፣ አድሴንስ አለ። ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ ጉግል የሚስጥር ቁጥር በፖስታ ይልካል፤ በአራት ወር ውስጥ ካልገባ ማስታወቂያው ይቆማል። ቤት ለቤት ፖስታ በማይታደልበት አገር «ቦሌ፣ ከመድኃኔዓለም ጀርባ» ብሎ መመዝገብ ደብዳቤውን መጣል ነው፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይዞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ክፍያ የሚወጣው 100 ዶላር ሲሞላ ነው። የግብር ቅጹም አይረሳ፦ ነዋሪነቱ ኢትዮጵያ የሆነ ሰው ቅጹን ከሞላ አሜሪካ ካሉ ተመልካቾች ከተገኘው ገቢ ላይ 30 በመቶ ይቀነስበታል፤ ካልሞላ ከዓለም ዙሪያ ከተገኘው ጠቅላላ ገቢ ላይ እስከ 24 በመቶ ሊቀነስ ይችላል። ተመልካቹ በብዛት ዋሽንግተንና አካባቢው ላለ ቻናል ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። አሜሪካ ባለ ዘመድ ስም መክፈትም ነገሩን አያቀልም፤ ቅጹ በሱ ስም ስለሆነ ገቢውም ግብሩም የሱ ተብሎ ይመዘገባል፣ ቻናሉ ካደገ በኋላ የሚነሳው ጠብም ከዚህ ይጀምራል።

የአማርኛ ብሎግ ላይ አድሴንስ ለመለጠፍ ያሰበ ሰው ከማመልከቱ በፊት የሚደገፉ ቋንቋዎችን ዝርዝር ይመልከት፤ አማርኛ ለዓመታት ከዝርዝሩ ውጭ ቆይቷል። ብሎግ በአማርኛ ገንዘብ የሚያመጣው በአብዛኛው በቀጥታ ነው፦ ከአገር ውስጥ ድርጅት ጋር በወር በሚዋዋሉት ማስታወቂያ፣ በሥልጠና፣ የራስን ሙያ በማሻሻጥ።

«ማታ ሦስት ሰዓት መለጠፍ ነው»

ለማን? አዲስ አበባ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ በበጋቸው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ቀድማ ናት። የቻናሉን ወይም የገጹን ስታቲስቲክስ ከፍተህ አንባቢህ የት እንዳለ እይ፤ ውጭ ያለው ከበዛ ያንኑ ሊንክ ንጋት ላይ እንደገና መለጠፍ ነውር የለውም። ቀን ስትጽፍም ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. ጨምርበት።

«ምንጭ ከጠቀስኩ ሙሉውን መለጠፍ እችላለሁ»

አይቻልም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አጭር ጥቅስ መውሰድ ይፈቀዳል፤ ሙሉ ጽሑፍ ወይም የሌላ ሰው ፎቶ ግን የባለቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል።

«ፓስወርዴ ጠንካራ ነው፣ ማንም አይገባም»

ብዙ ገጽ የሚጠፋው ፓስወርድ ተሰብሮ አይደለም። «ገጽዎ የቅጂ መብት ስለጣሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ባለቤቱ ደንግጦ ሊንኩን ይነካል፣ ፓስወርዱን በገዛ እጁ ያስገባል። ፌስቡክ እንዲህ ያለ ነገር በኢንቦክስ አይልክም፤ እውነት ከሆነ በገጹ የአስተዳደር ክፍል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ አካውንቱ ያለው በሲም ካርድ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ተቋርጦ ለሌላ ሰው ከተሸጠ የመግቢያ ኮዱ ለዚያ ሰው ይደርሳል፤ የሚያስቆመው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከኮዱ ሌላ የራስህን ፓስወርድ የሚጠይቀው) ብቻ ነው። የቻናሉን ባለቤትነት ለሥራ ባልደረባ ማስተላለፍ ቢያስፈልግም ማረጋገጫው ከበራ ከሰባት ቀን በላይ፣ በዚያው ስልክ ከገባህ ደግሞ ከ24 ሰዓት በላይ መሆን አለበት። ስልኩ በተሰረቀ ማግስት ማብራት ስለማይጠቅም ቻናሉ በተከፈተበት ቀን ይብራ።