የምርጫ ክልልና ውክልና በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው። አንዱ ፍቼን ዋና ከተማው ያደረገው የኦሮሚያው ነው፤ እዚህ የሚወሳው ግን የደብረ ብርሃኑ፣ የአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋ ነው። መንዝ፣ ይፋት፣ ተጉለት፣ ቡልጋ፣ መርሐቤቴና ምንጃር በየስማቸው የሚታወቁ አገሮች ናቸው። ዛሬ የሚመርጡት ግን በወረዳ እየተሸነሸኑ ነው።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ዘመን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ፤ ገበሬው አይጠየቅም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነገሩን ቀየረው፦ ወደ 200 ሺህ ሰው የሚኖርበት የምርጫ ክልል 2 እንደራሴዎች እንዲልክ፣ 21 ዓመት የሞላው ሁሉ እንዲመርጥ ፈቀደ። ፓርቲ ግን አልነበረም። ተወዳዳሪውም 25 ዓመት የሞላውና ባለንብረት መሆን ነበረበት፤ ጭሰኛ መምረጥ እንጂ መመረጥ አይችልም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ደርግ በበኩሉ በ1979 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ አስመረጠ።

አሁን ያለው አሠራር በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ላይ የቆመ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ550 አባላት እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ መቀመጫዎቹ 547 ሲሆኑ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። አንድ የምርጫ ክልል ለዚህ ምክር ቤት የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፤ ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም። ለክልሉ ምክር ቤት ደግሞ በዚያው ቀን በሌላ ወረቀት ይመረጣል። በ1987 ዓ.ም. 53 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአገሪቱ ሕዝብ በ1999 ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በልጧል፤ መቀመጫው ግን አልጨመረም። ስለዚህ አንዱ ተወካይ የሚሸከመው ሕዝብ እየበዛ ሄዷል።

ገጠር ውስጥ ጣቢያው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤት ክፍል ወይም ድንኳን ነው። ካርድ ያወጣ ሰው ጥፍሩ ላይ ቀለም ይቀባና ወረቀቱን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ስም ሳይሆን ሥዕል ነው የሚፈልጉት። ለዓመታት የኢሕአዴግ ንብ፣ በ2013 ደግሞ የብልጽግና አምፖል ከዕጩው ስም በላይ ይታወቁ ነበር፤ «ማንን መረጥሽ» ለሚል «ንቡን» ብሎ መመለስ የተለመደ ነበር። ተወካዩ ራሱ ግን በሥዕሉ ጥላ ሥር ይቀራል። ማታ ድምፁ ተቆጥሮ ውጤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ኮሮጆ ተገለበጠ የሚለው ሐሜትም ከምርጫ ተለይቶ አያውቅም።

የ2013ቱ ምርጫ ሰኔ 14 ሲካሄድ ዞኑ ሰላም አልነበረም። በዚያው ዓመት አጣዬ በግጭት ተቃጥላ ነበር፤ በምሥራቁ በኩል በዕለቱ ድምፅ ያልተሰጠባቸው ቦታዎች ነበሩ።

ሕጉ ተወካዩን የመላው ሕዝብ ተወካይ ይለዋል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንዲገዛም ያዛል። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበትም ሊያወርደው ይችላል። ገበሬው ግን የሚጠይቀው የመንገድ፣ የውኃ፣ የመብራትና የማዳበሪያ ነገር ነው። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ ተወካዩ ወደ መራጩ የሚወርደው ክረምት ሲገባ ነው። በዚያ ወቅት የመንዝ መንገድ ጭቃ ነው፤ ገበሬውም እርሻ ላይ ነው።